ሌላውን የሚመስል ማሽን፦ የአለን ቱሪንግ ሕይወትና ሥራ

በሙያችን ላይ የተሰማራን ሰዎች አንድ ቀን የሚያጋጥመን ችግር አለ። ከሠላሳ ዓመት በፊት የተጻፈ ፕሮግራም፣ ብዙውን ጊዜም በልጅነታችን የምናውቀው ጨዋታ፣ ዛሬ ባለው ኮምፒዩተር ላይ እንዲሠራ ይፈለጋል። የዚያን ዘመን ኮምፒዩተር ስለሌለ፣ ጨዋታው የድሮውን ማሽን በሚመስል ፕሮግራም፣ ማለትም በኢሙሌተር ውስጥ ይጫናል። ጭነቱ ግን እሺ አይልም። አንዱ ጨዋታ ገና ሲነሣ ቁጥር በዜሮ ተካፍሏል ብሎ ይቆማል። ሌላው ባዶ ቦታ ሞልቶ ሳለ በዲስኩ ላይ ቦታ የለም ይላል። ሦስተኛው ሲዲው በመሣሪያው ውስጥ እያለ ሲዲውን አስገቡ እያለ ይጠይቃል።

የእነዚህ እንከኖች ምክንያት ሲመረመር አስተማሪ ነው። በቱርቦ ፓስካል የተጻፉ ብዙ ፕሮግራሞች ሲነሡ የማሽኑን ፍጥነት ይለካሉ፤ ይኸውም 55 ሚሊሴኮንድ በሚያህል ጊዜ ውስጥ አንድን አጭር ዙር ስንት ጊዜ እንደሚፈጽሙ ቆጥረው ውጤቱን ለ55 ያካፍላሉ። ማሽኑ እጅግ ፈጣን ሲሆን ድርሻው በ16 ቢት ቦታ አልገባ ይላል፤ ፕሮሰሰሩም ይህን እንደ ማካፈል ስሕተት ቆጥሮ ሥራውን ያቋርጣል። መድኃኒቱ ኢሙሌተሩን ማፍጠን ሳይሆን ማዘግየት ነው። የዲስኩም ችግር ተመሳሳይ ነው። ባዶ ቦታው ከ2 ጊጋባይት ሲበልጥ አንዳንድ የድሮ ፕሮግራሞች ቁጥሩን ከዜሮ በታች አድርገው ስለሚያነቡት፣ መድኃኒቱ ዲስኩን አሳንሶ ማሳየት ነው። ፕሮግራሞቹ በተጻፉበት ዘመን እንከን የለባቸውም ነበር። የተለወጠው የተጻፉለት ዓለም ነው። ስለሆነም የድሮ ማሽንን የሚመስል ሰው ችሎታውን ብቻ ሳይሆን ዝግታውንና ጥበቱንም መምሰል ይኖርበታል።

አንድ ማሽን የሌላውን ማሽን ጠባይ በትክክል ሊከተል ይችላል የሚለውን አሳብ በመጀመሪያ በማስረጃ ያቀረበው ሰው በ1954 የሞተው እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ አለን ቱሪንግ ነው። የሕይወት ታሪኩ ብዙ ጊዜ የተነገረ ቢሆንም፣ በዚህ ጽሑፍ ከአንድ ወገን ብቻ፣ ማለትም ከመምሰልና ስሕተትን ከመፈለግ ሥራ አንጻር እንመለከተዋለን። ዓመታቱ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ልደትና ትምህርት

አለን ማቲሰን ቱሪንግ በጁን 23 ቀን 1912 በለንደን ከተማ ተወለደ። አባቱ በእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ሥር በነበረችው ህንድ፣ በማድራስ አስተዳደር የሚያገለግል የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። የእናቱ አባት ደግሞ የማድራስ ምድር ባቡር ዋና መሐንዲስ ሆኖ ሠርቷል። ወላጆቹ ልጆቻቸውን ከአንድ ጡረታ ከወጣ የጦር መኮንን ቤተሰብ ዘንድ በእንግሊዝ አገር እየተዉ ወደ ህንድ ይመለሱ ስለነበር፣ አለን የልጅነት ዘመኑን አብዛኛውን ከእነርሱ ተለይቶ አሳለፈ።

በ1926 ሸርበርን በሚባለው አዳሪ ትምህርት ቤት ሊገባ ሲል በመላ አገሪቱ የሥራ ማቆም አድማ ተመትቶ ባቡር ቆመ። የአሥራ ሦስት ዓመቱ ልጅ ግን ከሳውዝሃምፕተን ወደብ ተነሥቶ ወደ 97 ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን መንገድ በብስክሌት ተጉዞ ትምህርት ቤቱ ደረሰ። በዚያም ክሪስቶፈር ሞርኮም ከሚባል፣ እንደ እርሱ ሳይንስን ከሚወድ ተማሪ ጋር የጠበቀ ወዳጅነት መሠረተ። ሞርኮም በ1930 በሕመም ሲሞት ቱሪንግ እጅግ አዘነ፤ የሰው አእምሮና ሥጋ ግንኙነት ምንድን ነው የሚለውም ጥያቄ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ሳይለየው ኖረ። በ1931 ካምብሪጅ በሚገኘው ኪንግስ ኮሌጅ ገብቶ ሒሳብ አጠና፤ በ1935 ገና በ22 ዓመቱ የዚያው ኮሌጅ ባልደረባ ሆኖ ተመረጠ።

በወረቀት ላይ የተሠራው ማሽን

በዚያን ዘመን የጀርመኑ የሒሳብ ሊቅ ዳቪድ ሂልበርት ያነሣው አንድ ጥያቄ መልስ ሳያገኝ ቆይቶ ነበር። ጥያቄውም ማናቸውም የሒሳብ አባባል ከተሰጡት መነሻዎች የሚከተል መሆኑን ወይም አለመሆኑን በተወሰነ ሥርዓት ቁርጥ አድርጎ መለየት ይቻላል ወይ የሚል ነበር። ቱሪንግ ይህን ለመመለስ አስቀድሞ ሥርዓት ማለት ራሱ ምን እንደሆነ መግለጽ ነበረበት። ያን ጊዜ ኮምፒዩተር የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል መሣሪያን ሳይሆን ስሌት በመሥራት የሚተዳደርን ሰው ያመለክት ነበር። ቱሪንግም ይህ ሰው በወረቀትና በእርሳስ የሚያደርገውን ሁሉ ወደ ጥቃቅን እርምጃዎች ከፋፈለው፤ አንድ ምልክት ማንበብ፣ መጻፍ ወይም መሰረዝ፣ ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ መሄድ፣ ከአንድ ሁኔታ ወደ ሌላ መሻገር። እነዚህን ብቻ የሚፈጽም በአሳብ የተሠራ ማሽን ነደፈ።

ከዚያም ታላቁን እርምጃ ወሰደ። የማናቸውም እንዲህ ያለ ማሽን ሥርዓት በምልክቶች ተጽፎ በወረቀት ጥብጣብ ላይ ሊሰፍር ከቻለ፣ ያን መግለጫ እያነበበ የተገለጸው ማሽን የሚሠራውን ሁሉ የሚሠራ አንድ ሁለገብ ማሽን ሊኖር እንደሚችል አሳየ። በ1936 ለኅትመት የበቃው ይህ ጥናት ዛሬ የምንጠቀምባቸው ኢሙሌተሮች ሁሉ የቆሙበት መሠረት ነው። ነገር ግን አሳቡ አንድ ግዴታ አለበት፤ መግለጫው ምሉዕና ትክክለኛ መሆን ይኖርበታል። በመግለጫው ያልሰፈረውን ሁለገቡ ማሽን ሊገምተው አይችልም።

ያው ጥናት ሌላም ነገር አስተምሯል። ዛሬ በለመድነው አነጋገር፣ አንድ ፕሮግራም ሥራውን ጨርሶ ይቆም እንደሆነ ወይም ለዘለዓለም ሲዞር ይኖር እንደሆነ ለሁሉም ፕሮግራሞች አስቀድሞ የሚወስን አጠቃላይ ሥርዓት የለም። የጨዋታው ጭነት 99 ከመቶ ላይ ደርሶ ሲቆም፣ ገና እየሠራ ነው ወይስ ተሰናክሏል ብሎ የሚጠይቅ ሰው ለሁሉም ጊዜ የሚያገለግል መመርመሪያ እንደማያገኝ ቱሪንግ ገና ኮምፒዩተር ሳይሠራ አረጋግጦለታል። የሚቀረው እያንዳንዱን ጉዳይ ለብቻው በትዕግሥት መመርመር ነው።

አሜሪካዊው አሎንዞ ቸርች በሌላ መንገድ ወደ ተመሳሳይ ውጤት ደርሶ ስለነበር፣ ቱሪንግ ወደ ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ሄዶ ከእርሱ ዘንድ በ1938 የዶክተርነት ማዕረጉን አገኘ። በዚያው ዓመትም ወደ አገሩ ተመለሰ።

የጠላትን ማሽን መምሰል

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንደተነሣ፣ በሴፕቴምበር 4 ቀን 1939 ቱሪንግ ብሌችሊ ፓርክ ወደሚባለው ምስጢራዊ የሥራ ቦታ ገባ። በዚያ የጀርመን ጦር ኤኒግማ በሚባል መሣሪያ እየመሰጠረ የሚልካቸውን መልእክቶች የመፍታት ሥራ ይካሄድ ነበር። ማሪያን ሬየቭስኪና ሌሎች የፖላንድ የሒሳብ ሊቃውንት ከጦርነቱ በፊት ኤኒግማን የሚፈታ መሣሪያ ሠርተው፣ እውቀታቸውን በ1939 ክረምት ለእንግሊዞችና ለፈረንሳዮች አካፍለው ነበር። ቱሪንግ በዚህ ላይ ተመሥርቶ ቦምብ የተባለውን አዲስ መሣሪያ ነደፈ። ጎርደን ዌልችማን ታላቅ ማሻሻያ ጨመረበት፤ መሐንዲሱ ሃሮልድ ኪን ደግሞ በሌችዎርዝ ፋብሪካ ሠርቶ አወጣው። የመጀመሪያው መሣሪያ በማርች 1940 ሥራ ጀመረ።

ቦምብ በጠባዩ የመምሰል ማሽን ነበር። በላዩ የሚሽከረከሩት ከበሮዎች የኤኒግማን ጥርሶች ሥራ የሚፈጽሙ ሲሆኑ፣ የተለመደው ዓይነት አንዱ መሣሪያ የ36 ኤኒግማዎችን ሥራ በአንድ ጊዜ ይሠራ ነበር። መፍቻው እንዲገኝ በቅድሚያ ከመልእክቱ ውስጥ የአንዱ ክፍል ግልጽ ቃል መገመት ነበረበት። ግምቱም የሚገኘው ከሰዎች ልማድ ነበር፤ ለምሳሌ የአየር ጠባይ ዘገባ በየቀኑ በተመሳሳይ አጻጻፍ ይላክ ነበር። መሣሪያው ከግምቱ ጋር የሚጋጩትን አሠራሮች እየጣለ የማይጋጩትን ያስቀር ነበር። የኤኒግማ ምስጢር የተገለጠው በማሽኑ አሠራር ብቻ ሳይሆን ማሽኑን በያዙት ሰዎች ጠባይም በኩል መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

ይህ ሥራ ከጦርነቱ በኋላ ሠላሳ ዓመት ያህል በምስጢር ስለተያዘ፣ ቱሪንግ ያደረገውን አገልግሎት ጎረቤቶቹም አብዛኞቹ የሥራ ባልደረቦቹም ሳያውቁ እርሱ ከዚህ ዓለም ተለየ።

ከንድፍ ወደ ሥራ

በኦክቶበር 1945 ቱሪንግ በለንደን አጠገብ በሚገኘው የብሔራዊ ፊዚክስ ላቦራቶሪ ተቀጥሮ ኤስ የተባለውን የኤሌክትሮኒክ ኮምፒዩተር ንድፍ አዘጋጀ። ሥራው ግን እየተጓተተ ስላስመረረው በ1948 ወደ ማንችስተር ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ። አነስ ያለው ፓይለት ኤስ በላቦራቶሪው ውስጥ የመጀመሪያ ፕሮግራሙን የፈጸመው በሜይ 1950፣ እርሱ ከሄደ በኋላ ነበር።

በማንችስተር ፍሬዲ ዊሊያምስና ቶም ኪልበርን የሠሩት ትንሽ ማሽን በጁን 21 ቀን 1948 በማኅደሩ የተቀመጠ ፕሮግራም ፈጽሞ ነበር። ከዚህ የተወለደው ፌራንቲ ማርክ 1 በ1951 መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ሲተከል፣ የፕሮግራም ጸሐፊዎችን መመሪያ መጽሐፍ ያዘጋጀው ቱሪንግ ነው። መመሪያው ግን ለአንባቢ ቀላል አልነበረም። ቁጥሮችና ትእዛዞች በ32 የቴሌፕሪንተር ምልክቶች፣ ትንሹ ዋጋ በስተግራ ሆኖ ከተለመደው በተቃራኒ ይጻፉ ነበር። ለቱሪንግ አእምሮ ይህ ምንም አይከብድም፤ ለሌሎች ግን የስሕተት ምንጭ ነበር።

ይሁንና ስለ ስሕተት በጥልቅ ካሰቡት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዱ እርሱ ራሱ ነው። በጁን 1949 በካምብሪጅ በተደረገ ስብሰባ ላይ ባቀረበው አጭር ጥናት፣ ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው በየመካከሉ በዚህ ቦታ ላይ እንዲህ ያለው ነገር እውነት መሆን አለበት እያለ ቢያመለክት፣ መርማሪው ሁሉንም በአንድ ጊዜ ከመጨነቅ ድኖ እያንዳንዱን ክፍል ለብቻው ሊያረጋግጥ እንደሚችል አስረዳ። ይህ አሳብ ዛሬ የፕሮግራምን ትክክለኛነት በማስረጃ የማረጋገጥ ጥናት ከሚባለው መነሻዎች መካከል ይቆጠራል።

በዚያን ጊዜ ክሪስቶፈር ስትሬቺ የሚባል በሃሮ ትምህርት ቤት የሚያስተምር ሰው ኮምፒዩተር ዳማ እንዲጫወት ለማድረግ ይደክም ነበር። በመጀመሪያ ለፓይለት ኤስ የጻፈው ፕሮግራም የማሽኑን ማኅደር ከዳር እስከ ዳር ሞላው፤ በጁላይ 1951 ሲሞከርም በስሕተት ምክንያት አልሠራም። ሰፋ ያለ ማኅደር በማንችስተር መኖሩን ሲሰማ ከካምብሪጅ ዘመኑ የሚያውቀውን ቱሪንግን መመሪያውን እንዲልክለት ጠየቀ፤ ጨዋታውንም ለአዲሱ ማሽን እንደገና ጻፈው። በ1952 ፕሮግራሙ ሙሉ ጨዋታ ሊጫወት ቻለ፤ ገበታውም በካቶድ ቱቦ ላይ ይታይ ነበር። ጨዋታን ከአንድ ማሽን ወደ ሌላ የማሻገር ድካም እንግዲህ ከኮምፒዩተር ጨዋታ ጋር አብሮ የተወለደ ነው።

ቱሪንግ ለስትሬቺ ሌላም ሥራ አመለከተው። ይኸውም ማሽኑ ራሱን እንዲመስል የሚያደርግ፣ ሌላውን ፕሮግራም ትእዛዝ በትእዛዝ እየተከተለ ስሕተቱን የሚያሳይ ፕሮግራም መጻፍ ነበር። ስትሬቺ ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ ትእዛዞች ያሉት፣ በማሽኑ ላይ እስከዚያ ጊዜ ከተሞከሩት ሁሉ የሚረዝም ፕሮግራም ጽፎ ይዞ መጣ። በ1936 በወረቀት ላይ የቀረው አሳብ በእውነተኛ ማሽን ላይ ሥራ ሲጀምር፣ ከመጀመሪያዎቹ አገልግሎቶቹ አንዱ እንከን መፈለግ ሆነ።

በእጅ የተካሄደው ጨዋታ

ቱሪንግ ራሱ ቼዝ ይወድ ነበር፤ ብርቱ ተጫዋች ግን አልነበረም። በ1948 ከወዳጁ ከዴቪድ ሻምፐርኖውን ጋር ማሽን ቼዝ የሚጫወትበትን ሥርዓት አዘጋጀ፤ ስሙም ከሁለቱ ስሞች ተጣምሮ ቱሮቻምፕ ተባለ። ሥርዓቱ ለወታደር 1፣ ለፈረስ 3፣ ለጳጳስ 3½፣ ለግንብ 5፣ ለንግሥት 10 ነጥብ ይሰጣል። የራሱን እርምጃዎች ሁሉና የተጋጣሚውን መልሶች ሁሉ ይመረምራል፤ መማረክና መልሶ መማረክ ያለበትን መስመር ደግሞ እስኪረጋ ድረስ ይከተላል። ነጥቡ ሲተካከል እያንዳንዱ መሣሪያ ሊሄድ የሚችልባቸውን ቦታዎች ቁጥር ካሬ ሥር እየወሰደ ይደምራል።

ቱሪንግ ይህን ለማንችስተሩ ማሽን መጻፍ ቢጀምርም አልጨረሰውም። ስለዚህ በ1952 ከወጣቱ ባልደረባው ከአሊክ ግሌኒ ጋር ሲጋጠም ማሽኑ እርሱ ራሱ ሆነ። ሥርዓቱን በወረቀት ላይ እየተከተለ፣ ለእያንዳንዱ እርምጃ ግማሽ ሰዓት ያህል እያሰላ ተጫወተ፤ ፕሮግራሙም በ29ኛው እርምጃ ተሸነፈ። በ1936 ስሌት የሚሠራውን ሰው የሚመስል ማሽን የነደፈው ሊቅ፣ ከአሥራ ስድስት ዓመት በኋላ ማሽንን የሚመስል ሰው ሆነ ማለት ነው። የጨዋታው መዝገብና ሥርዓቱ በ1953 ታትመው ወጡ።

ከግማሽ ምእት ዓመት በኋላ ቼስቤዝ የተባለው የጀርመን ድርጅት ባለሙያዎች በታተመው መግለጫ መሠረት ቱሮቻምፕን በዘመናዊ ኮምፒዩተር ላይ ጻፉት። ነገር ግን ከ1952ቱ መዝገብ ጋር ሲያስተያዩት አንዳንዶቹ እርምጃዎች አልተገጣጠሙም። ባለሙያዎቹ የራሳቸውን ፕሮግራም ደጋግመው ቢመረምሩም ስሕተት አላገኙም። በመጨረሻ የቱሪንግን የጦርነት ዘመን ባልደረባ ዶናልድ ሚኪን አማከሩ። የእርሱም ምክር ስሕተቱን በራሳቸው ፕሮግራም ሳይሆን በቱሪንግ ዘንድ እንዲፈልጉ ነበር፤ አንድ እርምጃ ደካማ መሆኑ ግልጽ ሲመስለው ቱሪንግ ስሌቱን እስከ መጨረሻው ላይገፋበት ይችላል። ስለዚህ ፕሮግራሙ ትክክል ነበር፤ መዝገቡም የሆነውን በትክክል ይዞ ነበር፤ ያልተከተለው በመካከል የነበረው ማሽን፣ ማለትም ሰውየው ነው። በጁን 2012፣ ቱሪንግ በተወለደ በመቶኛው ዓመት፣ የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ጋሪ ካስፓሮቭ በማንችስተር ከዚሁ ፕሮግራም ጋር ተጋጥሞ በ16 እርምጃ አሸነፈው።

ፍጻሜው

ከግሌኒ ጋር በተጫወተበት በዚያው በ1952 ቱሪንግ ታላቅ መከራ ደረሰበት። በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ አገር ወንጀል በነበረው የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነት ተከሶ ተፈረደበት። ከእስራት ይልቅ በሆርሞን መርፌ መታከምን መረጠ፤ በመንግሥት ምስጢራዊ ሥራ ላይ የነበረውም ፈቃድ ተነሣ። በጁን 7 ቀን 1954፣ 42 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀናት ሲቀሩት በሳያናይድ መርዝ ሞተ። መርማሪው ዳኛ ራሱን ገድሏል ብሎ ሲወስን፣ እናቱ ግን በቤቱ ያካሂደው በነበረ የኬሚካል ሙከራ የደረሰ አደጋ ነው ብላ ታምን ነበር። የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር በ2009 ስለተፈጸመበት በደል ይቅርታ ጠየቁ፤ በ2013 የንጉሣዊ ምሕረት ተሰጠው፤ በ2021ም ምስሉ በ50 ፓውንድ ኖት ላይ ወጣ። እርሱን በመረመረው ዘመን ላይ ስሕተቱ በማን ዘንድ እንደነበረ ለማየት ሃምሳ አምስት ዓመት ፈጀ።

ለእኛ የቀረው

ከዚህ ሕይወት ለሥራችን የሚጠቅም ምን እናገኛለን? የጫንነው የድሮ ፕሮግራም ሲሰናከል የመጀመሪያው ሐሳባችን ፕሮግራሙ ተበላሽቷል የሚል ነው፤ ሁለተኛው ኢሙሌተሩን ይወቅሳል። የቱሮቻምፕ ታሪክ የሚያስተምረን ሦስተኛ ተጠያቂ መኖሩን ነው፤ ይኸውም በመግለጫውና በእውነተኛው አሠራር መካከል ያለው ልዩነት ነው። ማሽኑ በመጽሐፉ እንደተጻፈው ላይሠራ ይችላል፤ ሠራተኛውም ሥርዓቱን በአንድ ቦታ ዘልሎት ሊሆን ይችላል። ስለሆነም እንከን ፈላጊ ፍጥነቱን፣ ማኅደሩን፣ ዲስኩንና ሰዓቱን አንድ በአንድ ወደ ዘመናቸው እየመለሰ፣ በእያንዳንዱ ደረጃ ምን እውነት መሆን እንዳለበት እየጻፈ ሊሄድ ይገባዋል።

ጉዳዩ የጨዋታ ብቻ አይደለም። የፋብሪካ መቆጣጠሪያ፣ የውሃ ማከፋፈያ ስሌት፣ የድልድይ ንድፍ ፕሮግራም ሁሉ አንድ ቀን የተጻፈበት ማሽን ይጠፋበታል። ከእኛ በኋላ የሚመጣው መሐንዲስ የዛሬውን መሣሪያችንን መምሰል ሲኖርበት የሚይዘው መግለጫ እኛ የተውንለትን ነው። በመመሪያው የሌለውን፣ በእጃችን ያስተካከልነውን፣ ከንድፉ ወጥተን ዘልለን ያለፍነውን ሁሉ ካልጻፍንለት፣ ሥራችን በትክክል ተመዝግቦ እያለ እንኳ ሊረዳው አይችልም። ቱሪንግ ማሽን ሁሉ በማሽን ሊመሰል እንደሚችል አረጋገጠ፤ መግለጫውን አሟልቶ የመተው ግዴታ ግን የእኛ ነው።